ከአረንጓዴው ቀለም ሥር ያለው ቁጥር

ስለ ማሽን የማውቀው ጩኸቱን ብቻ ነበር። ባለቤቴ አናጢ ነው፤ ነበር ማለት አለብኝ፣ ምላሴ ግን እስካሁን አልለመደውም። እኔ በአንድ የክልል መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል አውጥቼ ፋይል የማስገባ ሠራተኛ ነበርኩ። ሁለታችንም ከወለጋ ወደ አሶሳ የመጣነው ክልሉ ገና አዲስ ክልል በተባለበት ጊዜ ነው። የተከፈቱት ቢሮዎች ኃላፊ ነበራቸው፣ ማኅተም ነበራቸው፤ ጠረጴዛ ግን አልነበራቸውም። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ «ሹም ቆሞ አይፈርምም» ብሎ መጋዙን ጠቅልሎ ተነሳ። አልተሳሳተም። ለዓመታት ጠረጴዛና መደርደሪያ ሲሠራ ኖረ።

የኤሌክትሪክ መላጊያው የመጣው ቆይቶ ነው። ከተማው ማታ ማታ ብቻ ከሚነሳው ጀነሬተር ተላቆ ቀንም መብራት ማየት ሲጀምር፣ ሱዳን ድንበር ላይ ወዳለችው ኩርሙክ የሚመላለስ ነጋዴ ከካርቱም አስመጣለት። በእጅ የሚያዝ፣ ከአንድ ድፎ ዳቦ የማይበልጥ ነገር ነው። ሲነሳ ግን የሰፈሩን ውሻ ሁሉ ያስጮኻል። በእጅ መላጊያ ግማሽ ቀን የሚፈጀውን የዋንዛ ጣውላ ሻይ እስኪፈላ አለስልሶ ያስቀምጠዋል።

በእኛ ሰፈር አናጢዎች ዘንድ አንድ ልማድ አለ። ዕቃ ስለሚዋዋሱ መጋዙም መዶሻውም ላይ የባለቤቱ ምልክት በዘይት ቀለም ይጻፍበታል። ምልክት የሌለው ዕቃ የማንም ነው፤ ይዞት የሄደ ሰው ሌባ አይባልም። ባለቤቴም ማሽኑ በመጣ ዕለት ከበር የተረፈ አረንጓዴ ቀለም ይዞ ተቀመጠ። የማሽኑ አካል ሁሉ ጎባጣ ነው፤ ለጥ ያለ ቦታ ያለው ጎኑ ላይ የተለጠፈችው ትንሽ የብረት ሰሌዳ ላይ ብቻ ነበር። እሷን ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ቀባና፣ ሲደርቅ በነጭ የስሙን መነሻ «ሰ» ጻፈባት። ፊደል የቆጠረው ጎልምሶ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ እጁ ለመጻፍ አልተገራም፤ የፊደሏ ቀኝ እግር ከግራው ረዘመች።

«ይሄ ሰ ነው ሳ?» ብዬ ቀለድኩበት።

«እኔ ነኝ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ መላጊያውን ባየሁ ቁጥር ያንኑ እጠይቀዋለሁ፤ እሱም ያንኑ ይመልሳል። ባልና ሚስት ብዙ ሲኖሩ የሚቀራቸው ወሬ እንዲህ ዓይነቱ ነው።

ከዚያ ታመመ፤ በሽታው ብዙ አላቆየውም። ሲቀበር የቤተ ክርስቲያን እህቶች ያን ሰሞን ሁሉ እየመጡ ዘመሩልኝ፣ ጸለዩልኝ፤ ከዚያ ቀሩ፤ እነሱም የየራሳቸው ቤት አላቸው። ልጅ አልነበረንም። ያልቀሩት አናጢዎቹ ናቸው። የራሳቸው ማሽን ስላልነበራቸው ጣውላቸውን ተሸክመው እንደ ድሮው ወደ ግቢያችን ይመጡ ነበር። ጠዋት ቢሮ ከመግባቴ በፊት በሩን እከፍትላቸዋለሁ፤ ከሥራ ስመለስ ገና ፍቅፋቂ ውስጥ ቆመው አገኛቸዋለሁ። ለእኔ ብለው እንዳልመጡ አውቃለሁ፤ ሞኝ አይደለሁም። ግን ሰው ለምንም ጉዳይ ይምጣ፣ ከመጣ ግቢው ውስጥ ሳል ይሰማል፣ የውሃ ጣሳ ይነሳል፣ አንዱ ሌላውን «ጠማማ ነው የሠራኸው» ብሎ ይሳደባል። ያ ይበቃኝ ነበር።

አንድ ቀን ከቢሮ ስመለስ ግቢው ጭጭ ብሏል። አናጢዎቹ ማሽኑን ከበው ቁጢጥ ብለዋል። ሞተሩን ከምላጩ ጋር የሚያገናኘው የጎማ ቀበቶ፣ እነሱ ቺንጊያ የሚሉት፣ ተበጣጥሶ እንደ ፈትል ሆኗል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው የብስክሌት የውስጥ ጎማ፣ ከመነዳሪ፣ ቆርጠው አሰሩለት። ማሽኑ አንዴ ጮኸና የተቃጠለ ጎማ ሸትቶን ቆመ። ቁርጥራጩን ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሹፌር ሰጠነው፤ ሱቆቹ «እንዲህ ያለ እኛ ጋ የለም፤ የማሽኑን ቁጥር አምጡ» ብለው መለሱት።

ከአናጢዎቹ አንጋፋው በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጡ፣ በቁጥር ከሚጠራ መንደር የሚመላለሱ ሰው ናቸው። መላጊያውን አገላብጠው አዩና፣ «ቁጥሩማ ከዚች ሰሌዳ ላይ ነው፤ ቀለሙ ሸፈነው እንጂ። ጨርቅ ቤንዚን አስነክተን ብንጠርገው ይወጣል» አሉ።

«አይነካም» አልኩ።

ከፍ ባለ ድምፅ ነው ያልኩት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ባለቤቴ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አልነበረም። በዓለም ላይ በእጁ ጽፎ የተወልኝ ያቺን አንዲት ፊደል ነው። ለአናጢ ይህን እንዴት ይነግሩታል? ሌላ መንገድ እፈልጋለሁ ብዬ ማሽኑን ወደ ቤት አስገባሁት። አንደኛው «ልትሸጠው ነው» ሲል ከኋላዬ ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ ሰው እየሳሳ ሄደ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ማሽኑ ጩኸት ስትነዘንዘኝ የኖረች ጎረቤቴ ናት፤ የበርታ ሴት፣ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር በአጥሩ በኩል «ራስ አመመኝ!» ትል ነበር። አሁን አጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «አንተ፣ ማኪና ኸላስ፣ አለቀ? ጀማዓ የት ሄደ?» አለችኝ።

«ተበላሸ» አልኳት።

«መስኪን» አለች። እኔን ይሁን ማሽኑን አልገባኝም። እሷ ሁሉንም ሰው «አንተ» ነው የምትለው፤ ለዓመታት ሳርማት ኖሬ ነበር። ያን ቀን ግን አላረምኳትም። አንተም ይሁን አንቺ፣ የጠራኝ ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

ኢንተርኔት ቤቱ ከመሥሪያ ቤታችን አይርቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሸርቆሌ የስደተኞች ካምፕ የሚመጡ የእርዳታ ሠራተኞች ይሞሉታል፤ በሌላው ቀን ጸጥ ይላል። ከሥራ ስወጣ ገብቼ ጥግ ያለችውን ኮምፒውተር እይዛለሁ። ቤቱን የያዘችው ሴት ምን እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። የእንጨት መላጊያ መለዋወጫ ስላት፣ ያልሰማች መስሏት ደግማ ጠየቀችኝ። ሰው እዚያ የሚገባው ዲቪ ሊሞላ ወይም ለዘመድ ሊጽፍ ነዋ። የፋብሪካው ስም እጀታው ላይ ስለነበረ ገልብጬው ሄጄ ነበር፤ እሱን ጻፈችልኝና ትታኝ ሄደች።

ቁጥር ስለሌለኝ ያለኝ ምርጫ ካታሎጉን ገጽ በገጽ እያየሁ የእኛን ማሽን በመልኩ መለየት ነበር። ያኔ መስመሩ ቀርፋፋ ነው። ሥዕሉ ከላይ ጀምሮ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ መጀመሪያ እጀታው፣ ቀጥሎ ትከሻው፣ በመጨረሻ ሆዱ። እየቆየሁ ሥዕሉ እስኪያልቅ ሳልጠብቅ መገመት ጀመርኩ፤ ይህ መሰርሰሪያ ነው፣ ይህ ክብ መጋዝ ነው፣ ይህ ብረት መቁረጫ። ዝናብ ከመጣ መስመሩ ይቆረጥና ሥዕሉ አንገቱ ላይ ይቀራል። ቀሪውን ነገ አየዋለሁ ብዬ እወጣለሁ።

ከእያንዳንዱ ማሽን ሥር አብረውት የሚሄዱ ዕቃዎች ተጽፈዋል። ለመላጊያው ምላጭ፣ የምላጭ መፍቻ ቁልፍ፣ ፍቅፋቂ የሚሰበስብ ከረጢት፣ ማደሪያ ሳጥን። ሁሉም አብሮት የሚሄድ ነገር አለው። እኔ ያንን እያነበብኩ እቀና ነበር። በማሽን መቅናት ጤና እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ቀናሁ። ቺንጊያ ፍለጋ የጀመርኩት ሴት፣ ባዶ ቤት ላለመግባት ስል ካታሎግ ላይ አፍጥጬ እንደማመሽ የገባኝ ያኔ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ እጀታ ወረደ። ሰው የራሱን ላም ከመንጋ ውስጥ እንደሚለይ ለየሁት። ትከሻው ወረደ፣ ሆዱ ወረደ። ሰሌዳዋ ጎኑ ላይ አለች፤ ንጹሕ ናት፣ ታበራለች፣ አረንጓዴም ነጭም የለባትም። የእኛው ማሽን ነው፣ እሱ የሌለበት። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ሴትዮዋ መስመር የተቆረጠብኝ መስሏት «ይመጣል፣ ይመጣል» አለችኝ።

ከሥዕሉ ቀጥሎ የማሽኑ ሆድ ዕቃ ተበትኖ የሚታይበት ገጽ ነበር። ብሎኑ፣ ኩሺኔታው፣ ቺንጊያው ሁሉ አየር ላይ ተንሳፎ፣ እያንዳንዱ ቁጥር ተሰጥቶታል። አሳተምኩት። አንጋፋው ዓርብ ከመስጊድ ሲመለሱ እኔን ሊጠይቁ ገቡ፤ አሳየኋቸው። ወረቀቱን አርቀው ያዙና ቁጥሮቹን በጣታቸው አንድ በአንድ ተከተሉ።

«ይኸማ እኛ ነን» አሉ። «ከመኪና ሲያወርዱን እንዲህ ነው የበተኑን እቴ፤ ላንዱ ይኸ ቁጥር፣ ላንዱ ያ ቁጥር። ለወንድሜ ሌላ መንደር ደረሰው።»

«ታዲያ ተገጣጠማችሁ ጋሼ?»

«ወላሂ፣ አንዳንዱ ተገጣጠመ» አሉ።

ገጹ ሥር ግን አንድ ማሳሰቢያ ነበረ። ይህ መላጊያ በሦስት ዓይነት ተሠርቷል፤ የሦስቱም ቺንጊያ ይለያያል፤ ሰሌዳው ላይ ያለውን ቁጥር አይታችሁ እዘዙ ይላል። ይህን ስነግራቸው ዓይናቸው ጥግ ወደተቀመጠው ማሽን ሄደ፣ ፊደሏም ላይ ቆየ። «ሲጽፋት ነበርሁ» አሉ ቀስ ብለው። ቤንዚን የሚባል ነገር አላነሱም። «እንግዲያ ላም አለኝ በሰማይ ሆነብን» ብለው ፈገግ አሉና ወጡ።

ቀለሙን ለመጥረግ የቆረጥኩት ከዚያ በኋላ በአንድ ቅዳሜ ነው። ከበሩ ላይ ቆሜ ሳለሁ አንጋፋው ጣውላ ተሸክመው በመንገዱ መጡ። ዕቃው ከብዷቸዋል። ወደ ባምባሲ መውጫ በኩል ማሽን ያለው ሌላ ግቢ እንደተገኘ ሰምቼ ነበር። «እንዴት ዋልሽ እቴ» ብለው በተሸከሙት ሥር አንገታቸውን ሰበር አደረጉልኝ፤ ከዚያ አለፉ። በእኔ በር ላይ ጣውላ የተሸከመ ሰው ሲያልፍ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ብቻዬን መቅረቴን ከቀብሩ ቀን ይልቅ ያን ቀን አወቅሁት።

ወደ ቤት ገብቼ ወረቀት ፊደሏ ላይ አስደግፌ በእርሳስ ልገለብጣት ሞከርኩ። ደጋግሜ ሞከርኩ። እግሯን በትክክል አስረዘምኳት፤ የወጣው ግን የእኔ እጅ ነው። ወረቀቱን ቀደድኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ መጥቶ እንደሆነ ፈራሁ፤ ቀለሙን ጠርጌ ቁጥሩም ጠፍቶ ቢገኝስ? ጨርቁን ቤንዚን አስነካሁና «ይሄ ሰ ነው ሳ?» አልኩ። መልስ እስኪመጣ ትንሽ እንደመጠበቅ አልኩ፤ ከዚያ ጠረግኩ። መጀመሪያ የሄደችው ረጅሟ እግር ናት። አለቀስኩ፣ ድምፅ አውጥቼ ነው ያለቀስኩት፤ እጄ ግን መጥረጉን አላቆመም።

ቁጥሩ ነበረ። ሰኞ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ አገኘሁ፤ የቺንጊያውን ቁጥር ጽፌ ለኩርሙኩ ነጋዴ ሰጠሁት። ቶሎ አልመጣም፤ ክረምቱ ገብቶ ወጣ፣ መንገዱ ደረቀ። በመጨረሻ ቺንጊያው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ መጣ፤ እንዲህ ያስለቀሰኝ ነገር ለሕፃን አምባር እንኳ የሚበቃ አይመስልም። አንጋፋውን ባሉበት ፈልጌ አስጠራኋቸው። ሌሎቹም ተከትለው መጡ። ገጠሙትና አስነሱት፤ ውሻው ሁሉ ጮኸ። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቴ «አልሐምዱሊላህ! ማኪና ተነሳ» አለች፤ ያን ቀን ራሷን አላመማትም።

ግቢው እንደገና ሰው ሞላ። በሳምንቱ አንጋፋው በቆርቆሮ አረንጓዴና ነጭ ቀለም፣ ቀጭን ብሩሽም ይዘው መጡ። ሰሌዳዋን አረንጓዴ ቀቡ፤ እስክትደርቅ ጣውላቸውን ላጉ። ከዚያ ነጩን ከፍተው ብሩሹን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ። ሌሎቹም ሥራቸውን አቆሙ።

«ምልክት የሌለው ዕቃ አይበረክትም» አሉ። «የማንን ልጻፍ?»

የእሱን ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ረጅም እግር እንዳላት ላስረዳቸው ነበር። እሳቸው ግን ቢጽፏትም የእሳቸው ትሆናለች፤ ወረቀቱ ላይ አይቼዋለሁ። ደግሞ ማሽኑን ጠርጌ፣ ቁጥሩን ፈልጌ፣ ቺንጊያውን ያስመጣሁት እኔ ነኝ።

«የእኔን» አልኩ።

የስሜን መነሻ ጠየቁኝ፤ «በ» አልኳቸው። ምላሳቸውን በጥርሳቸው ነክሰው ጻፉ። ሲጨርሱ ማሽኑን ወደ ብርሃን አዙረው «ይነበባል?» አሉኝ።

«ይነበባል» አልኩ።

አናጢዎቹ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኔ ቀለሙ እስኪደርቅ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አየሁት። አንጋፋው እጃቸው ጥሩ ነው፤ ሁለቱም እግሮች እኩል ናቸው። ግራ ቀኝ አገላብጬ ባየውም የምቀልድበት ነገር አላገኘሁም።