ጀፎረው ላይ የቆመው ሰው

ጀርመናዊቷ ሠዓሊ ሰው አትሥልም። ሜዳ፣ ዛፍ፣ ጭጋግ፣ ውሃ የተኛበት ማሳ ትሥላለች፤ ሰው ግን የለበትም። ይህን የነገረችን መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ቸሃ ባለው የባለቤቴ የትውልድ መንደር እንግዳችን ሆና በሰነበተችበት ወቅት ነው። ባለቤቴ ወልቂጤ እንግሊዝኛ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ መምህር ነበርና የሚያስተረጉምላት እሱ ነበር።

ለምን ሰው እንደማትሥል ስጠይቃት ስለ መንደሯ አወራችን። የተወለደችበት መንደር ከሥሩ የድንጋይ ከሰል ተገኝቶ ሰው ሁሉ እንዲነሣ ተደረገ። ቤተ ክርስቲያኑ፣ የአያቷ የፖም ዛፎች፣ መንገዱ ሳይቀር ተቆፍሮ ጠፋ። ዛሬ እዚያ ሐይቅ አለ። ልጅ ሆና ያን ጉድጓድ በእርሳስ መሣል ጀመረች፤ ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ሁሉ ሰው ከሄደ በኋላ የቀረውን ማየት ነው። አገሯ ውስጥ በአንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ትሠራለች። ትቀባለች፣ በቢላ ትፍቃለች፣ እንደገና ትቀባለች፤ አንድ ሥዕል ዓመት ሊፈጅባት ይችላል።

እኛ ዘንድ ልትሥል የመጣችው ጀፎረውን ነው። ጀፎረ ከቤቶቹ ፊት ለፊት የተዘረጋ ሰፊ የሣር መንገድ ነው፤ ከብቱ ይነዳበታል፣ ሰርጉ ያልፍበታል፣ ለቅሶው ይቆምበታል። የሁሉም ስለሆነ ማንም አያርሰውም፣ ማንም አያጥረውም። እኔ ቡታጅራ ከተማ ስላደግሁ ደንቡን በደንብ ያወቅሁት ካገባሁ በኋላ ነው። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከእንሰቱ ላይ ሳይነሣ ትወጣና ሸራዋን ታቆማለች። በዚያ ሰዓት ቤቶቹ መሬት የነኩ አይመስሉም፤ ሣሩም እንደ ውሃ ይሆናል። ከደጃፍ ሆኜ ሳያት እኔም የማላውቀው አገር ውስጥ ያለሁ ይመስለኝ ነበር።

ችግሩ የመጣው በችካል ነው። ዓይኗ በየቀኑ ወደዚያው ቦታ እንዲመለስ ብላ፣ ሩቅ፣ ጀፎረው ዳር ካለው ትልቅ ዝግባ አጠገብ፣ ነጭ ጨርቅ ያሰረችበት ችካል ተከለች። ከሰዓት በኋላ የመንደሩ ሽማግሌዎች ዝግባው ሥር ተቀምጠው ባለቤቴን አስጠሩት።

«የኛ መምህር፣ እንግዳህ መሬት እየለካች ነው» አሉት አንዱ።

«ሥዕል ነው የምትሥለው፣ አባቴ።»

«ይሁን። ችካል ግን ሁልጊዜ አጥር ያስከትላል። ጀፎረ ላይ ችካል አይተከልም፤ የፈረንጅም ቢሆን።»

«ጨርቅ ደግሞ አስራበታለች» አሉ ሌላው። «ሰርግ ያለ መስሏት ይሆን?»

ባለቤቴ ይህን ሲያስተረጉምላት ትቀየማለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሄዳ ችካሉን በእጇ ነቀለች፤ ጉድጓዱንም በአፈርና በሣር ደፈነች። «እኛም መንደር መጀመሪያ የመጣው ችካል ነበር» አለች።

ያለ ምልክት ግን መሥራት አልቻለችም። ባለቤቴ «እኔ እቆማለሁ» አለ።

«ይሄን ሁሉ ዓመት የተማርከው ችካል ለመሆን ነው?» አሉት ሽማግሌው።

«እኔ እኮ በራሴ እግር ተነቅዬ ቤቴ እገባለሁ።»

ሳቁ፤ ነገሩም በዚያ አለቀ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ጋቢውን ደርቦ ዝግባው አጠገብ ይቆም ነበር። ጭጋጉ አንዴ ይውጠዋል፣ አንዴ ይተፋዋል። እሷ እሱን እያየች እሱ የሌለበትን ሜዳ ትሥላለች። ቁርስ ላይ ይህን እያነሣን እንስቅ ነበር።

ሠዓሊዋ ያላለቀውን ሸራ ጠቅልላ አገሯ ገባች። ባለቤቴ በበጋው ታመመና ዐቢይ ጾም ሳይገባ አረፈ። ፎቶ መነሣት አይወድም ነበር፤ የቀሩኝ የመታወቂያ ፎቶዎቹ ናቸው። ለቅሶተኛው ተበትኖ ወልቂጤ ወዳለው ቤታችን ብቻዬን ስመለስ ሐሳቤ ሁሉ ያ ሥዕል ሆነ። በሕልሜ ጀፎረው ላይ ነኝ፤ ጭጋግ አለ፣ ዝግባው አለ፣ ከዝግባው አጠገብ ያለውን ለማየት ስጠጋ እነቃለሁ። በመጨረሻ ከባለቤቴ በለቀምኳት እንግሊዝኛ በስልክ ጻፍኩላት። ሰው እንደማትሥዪ አውቃለሁ፣ እሱን ግን የቆመበት ቦታ ላይ አቁሚልኝ አልኳት።

ከወራት በኋላ፣ ያለፈው እሑድ፣ በቪዲዮ ደወለች። ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ ስልኩን ወደ ሸራው አዞረች። መንደራችን ነበር፤ ፀሐይ ገና ያልደረሰበት ሣር፣ በጭጋግ የተንሳፈፉ የቤት ክዳኖች። ዝግባው አጠገብ ጥፍር የምታክል ነጣ ያለች ነጥብ አለች፤ ጋቢ የደረበ ሰው ነው።

ብዙ አየሁት። ትከሻው ቀጥ ያለ ነው። ባለቤቴ ሲቆም ወደ አንድ እግሩ ያዘነብላል።

«እሱ አይደለም፤ እሱ ሲቆም ያዘነብላል» አልኳት።

«አውቃለሁ፣ እህቴ» አለችኝ፤ «እህቴ» የምትለው በአማርኛ ነው። «ስንቴ ፋቅሁት። እንዴት ነበር የሚቆመው? በየትኛው እግሩ ነበር የሚያዘነብለው?»

ተነሥቼ ክፍሌ መካከል እንደ እሱ ለመቆም ሞከርኩ። መጀመሪያ በቀኝ፣ ከዚያ በግራ። ሁለቱም እሱን መሰሉኝ፤ ትንሽ ስቆይ ሁለቱም አልመስል አሉኝ።

«አላስታውስም» አልኳት።

ቀለሙ ገና አልደረቀም። «እንግዲያው ልፋቀውና ቦታውን ልተወው» ብላ ቢላዋን አነሣች። ጫፉ ጋቢው ጋ ሲደርስ ሳላስበው ጣቴን ስልኩ ላይ፣ ሰውዬው ላይ አደረግሁ።

«ተይው» አልኳት።

«እሱ አይደለም አላልሽም?»

«አይደለም። ግን ብርድ ላይ ለሰው ብሎ የቆመ ሰው ነው። ይቁም።»

ቢላዋን አስቀመጠች። ከዚያ ቀጭን ብሩሽ አንሥታ፣ እኔ እያየሁ፣ መሬት እንዲረግጥ ብላ፣ ከእግሩ ሥር ደብዘዝ ያለች ትንሽ ጥላ አደረገችለት።