የእናቴ እርሾ በሮቢት

ከመንዝ የወጣሁ ለት እናቴ አላለቀሰችም። ዶሮ ሳይጮህ ተነስታ የዳቦ እርሾዋን በትንሽ ቅል ቀዳችልኝና አፉን በጨርቅ አሰረችው። «ለፋሲካ ቅሉን ይዘህልኝ ና» አለች፤ የምትሳሳው ለቅሉ እንጂ ለእኔ አይመስልም ነበር። እኔ እንደምታውቁኝ ነኝ፤ ፊደልን ከቄሱ አጥር ሥር ቆሜ የለቀምሁ፣ ግጥም ከመጣልኝ በሬዎቹን መሀል ትልም ላይ የማቆም፣ አንድ ቦታ የማያስቀምጠኝ ሰው። ጣሊያን አዝመራችንን ካቃጠለው ወዲህማ ምን ያቆየኛል? ከጨው ነጋዴዎች ጋር በደብረ ሲና አድርጌ ቁልቁለቱን ወረድሁ።

ወገኖቼ፣ ስለ ሸዋ ሮቢት ሙቀት የሰማችሁት ሁሉ ትንሽ ነው። እናንተ ጋቢ ደርባችሁ ጉም ስትጠጡ፣ እዚህ ሰው የዛፍ ጥላ ይሻማል። ከእንስራ የሚቀዳው ውሃ ለብ ያለ ነው። ሰዉ ግን መንገደኛ ሲያይ መጀመሪያ ውሃ ይሰጣል፤ እኛ መጀመሪያ «የማን ልጅ ነህ?» እንላለን።

ያረፍሁት እትዬ ዘይነባ ከሚባሉ፣ ጥጥ ፈትለው ከሚያድሩ ባልቴት ጓሮ፣ በአገዳ ጎጆ ውስጥ ነው። ገና ላቤን ሳልጠርግ የጣሊያኑ ሹም ቢሮ አስጠራኝ። ማሬሻሎ ይሉታል፤ ጢሙ ወፍራም፣ ድምፁ የሚያስደነግጥ ሰው ነው። የሚናገረው በአስተርጓሚ ነው።

«ዋስ አለህ?»

«እግዜር አለኝ።»

አስተርጓሚው ፈገግ እንኳ ሳይል ተረጎመለትና፣ «እግዜር መጥቶ ይፈርምልሃል ወይ ይልሃል» አለኝ።

እስከ ቅዳሜ ዋስ ካላመጣሁ በወታደር ታጅቤ ወደ መንዝ ልመለስ ነው። እንደዚያ የተመለሰ ጎልማሳ አርበኛ ነው ተብሎ ምን እንደሚደርስበት እናንተ ታውቃላችሁ።

እትዬ ዘይነባን ለመንኋቸው። «ወላሂ አልሆንም!» አሉ። «ያለፈው ተከራይ ቢጠፋ ሦስት ቀን ያሰሩት እኔን ነው። ደግሞስ ከእጁ ያልበላሁለትን ሰው እንዴት ብዬ ልዋስ? ሥጋህን አልበላ፣ ሥጋዬን አትበላ።»

«ዳቦስ፣ እትዬ?»

ትንሽ አሰቡ። «ዳቦማ ሃይማኖት የለውም።»

ሰኞ ማታ አቡክቼ ወጣሁ፤ መንገድ የሚሠሩት ጣሊያኖች በበርሚልና በሳንቃ መድረክ ሠርተው ቴያትሮ ያሳያሉ ተብሎ ከተማው ሁሉ ይጎርፍ ነበር። እኛ ከገመድ ወዲያ ቆመን አየን። ወገኖቼ፣ እነዚህ ሰዎች አይነጋገሩም፤ ይዘፋፈናሉ! አንዱ «በሩን ዝጋ» ለማለት እጁን ደረቱ ላይ ጭኖ ረጅም ዜማ ያወጣል፤ በሩ እስኪዘጋ ሌባ ገብቶ ይወጣል። ታሪኩ፣ አጠገቤ የቆመው ሰው እንደነገረኝ፣ ባሕር ተሻግሮ ስለሚሄድ ልጅ ነው። እናቱ ጥቅሉን እያሰረች ስታንጎራጉርለት አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከዚያ ሻሿ ሸርተት ሲል ጢሟን አየሁት። ማሬሻሎው ነው! ሳቄን በነጠላዬ አፈንሁት። ዜማው ግን እያሳቀ አስለቀሰኝ፤ ረቡዕም ዓርብም ተመልሼ ሄድሁ።

ማክሰኞ ጧት ሊጡ ከገበታው ወጥቶ መሬት ላይ ፈስሶ አገኘሁት። ደጋ ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ የሚነሳ እርሾ፣ እዚህ እንቅልፍ የለውም። እትዬ ዘይነባ «ዳቦህ ካንተ ቀድሞ ሊጠፋ ነው» ብለው ሳቁ። ሐሙስ ተማርሁ፤ ስንዴው ላይ ማሽላ ቀላቅዬ፣ ፀሐይ ሳትበረታ አቡክቼ፣ ኮባ ቢጠፋ በሙዝ ቅጠል ጠቅልዬ፣ ከላይም ከታችም እሳት አድርጌ ጋገርሁ። ሽታው ጎረቤት ጠራ። በኩራት ገለጥሁት።

እትዬ ዘይነባ አዩት። እኔም አየሁት። እጄ እንደ ልማዱ፣ ሳልነግረው፣ ሊጡ ላይ መስቀል ሠርቶበታል።

«ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ይሄኛው ሃይማኖት አለው።»

መሬቱ ቢውጠኝ በወደድሁ። ያን ድፎ ለቤተ ክርስቲያኑ ሰንበቴ ማኅበርተኞች ወስጄ ሰጠሁ። ዓርብ ጧት እንደገና አቦካሁ። ሊጡን ምጣዱ ላይ ካፈሰስሁት በኋላ ጣቴ መስቀል ሊሠራ ተነሳ፤ በግራ እጄ ያዝሁት። እትዬ ዘይነባ ከኋላዬ ቆመው ሲያዩኝ ኖረዋል። «አንተ ደገኛ፣ እጅህን እንደ ጥጃ አሰርከው?» ብለው መጡና «ቢስሚላህ» ብለው ቅጠሉን ራሳቸው ከደኑት። ሲበስል ቆርሰው በሉ፤ ደግመውም ቆረሱ።

ቅዳሜ አብረን ቢሮ ገባን። አስተርጓሚው የእናቱ እኩያ የሆኑትን ሴት «አንቺ» አላቸው። «ይህ ሰው እንደማይጠፋ በምን ታውቂያለሽ?»

«እርሾው እኔ ቤት ነው። እናቱ የሰጠችው ነው፤ ዱቄት እየመገበ ያኖረዋል። ያን ጥሎ የሚሄድበት አንጀት የለውም።»

ማሬሻሎው ወደ እኔ ዞረ። «እናት አለህ?»

«አለችኝ። ጌታዬ፣ ቴያትሩን ሦስት ጊዜ አየሁት። እናቲቱ አስለቀሰችኝ።»

አስተርጓሚው መተርጎም ፈራ። ሲተረጉም ማሬሻሎው ፊቱ ቀላ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በየትኛው ዜማዋ?» አለ። አንጎራጎርሁለት። ዜማውን ሁለት ጊዜ አረመኝ፤ ሦስተኛውን ራሱ እያንጎራጎረ የዋስትናው ወረቀት ላይ ማኅተሙን መታ።

ደኅና ነኝ። በሳምንት ሁለት ቀን እጋግራለሁ፤ ሰፈሩ ለምዶኛል፤ ግጥምም ይመጣልኛል። ወረቀቱ ግን ከሮቢት ብወጣ በእኔ ፈንታ እትዬ ዘይነባ እንደሚታሰሩ ይናገራል። ፋሲካም ደረሰ።

ስለዚህ ከእርሾው ለራሴ አስቀርቼ ቅሉን ይህን ደብዳቤ ለሚያመጣው ነጋዴ ሰጥቼዋለሁ። ውስጡ ያለው ያው የእናቴ እርሾ ነው፤ የሮቢት ማሽላ ስለበላ ትንሽ ቀልቷል። ሙቀት ለምዷልና እሳት አጠገብ ታኑረው። እናቴ ቅሉን ስትቀበል ከነጋዴው ኋላ መጥቼ እንደሆነ በሩን ታያለች። ከእናንተ አንዳችሁ፣ ጉሙ እንዳይገባባት፣ በሩን ዝጉላት።