ከኋላ መብራቱ ላይ የላጥኩት ቀለም

ይህን ነገር ባለቤቴ ፋጡማ እንኳ ከአፌ አልሰማችውም። ሳትጠረጥር አትቀርም፤ ግን ጠይቃኝ አታውቅም፣ እኔም ተናግሬ አላውቅም። ለኢማሙ አልነገርኩም፣ ለወንድሜም አልነገርኩም። ለማላውቅህ ለአንተ የምነግርህ ፈሪ ስለሆንኩ ነው። አንተ ከሚሴ ድረስ መጥተህ ዓይን ዓይኔን አታየኝም።

ነገሩ የጀመረው መኪና በማሳመር ነው። ያኔ አንዲት አሮጌ ነጭ የቤት መኪና ነበረችኝ። ከፊትና ከኋላዋ፣ በመስኮቶቿም ዙሪያ የሚያብረቀርቅ ኒኬል ነበራት። ስልኬ ላይ ባየሁት ቪዲዮ ወጣቶች ኒኬሉን በጥቁር እስፕሬይ ይሸፍኑታል። ሲደርቅ እንደ ላስቲክ ይሆናል፤ የሰለቸህ ቀን በጥፍርህ ትልጠዋለህ። የማረከኝ ይሄ መላጡ ነበር። አዲስ አበባ በሚመላለስ ጓደኛዬ አስመጣሁና፣ ግቢዬ ውስጥ መስታወቱንና ነጩን አካል በጋዜጣና በፕላስተር ሸፍኜ ነፋሁት። እስኪደርቅ ጠብቄ ደግሜ ነፋሁት። አማረ፤ እኔም ልቤ አበጠ። ጣሳው ውስጥ ጥቂት ተርፎ ነበር። የተረፈውን የኋላ መብራቶቹ ላይ ነፋሁት።

ምሽቱን መብራቱን አብርቼ ለፋጡማ አሳየኋት። «ይሄ በርቷል ነው የምትለኝ?» አለችኝ። «አንቺ ደግሞ ስለ መኪና ምን ታውቂያለሽ?» ብዬ ሳቅሁባት። እንግዲህ አላውቅም ነበር ልልህ አልችልም። ተነግሮኛል። በገዛ ዓይኔም አይቼዋለሁ፤ ቀዩ መብራት ከጥቁሩ ስር አመድ እንደለበሰ ፍም ነበር። ቀን ቀን ሰው «አምሮባታል» ስለሚለኝ ተውኩት።

አንድ ቀን ከጨፋ ሮቢት ወደ ከሚሴ ስመለስ፣ መግሪብ ካለፈ በኋላ፣ ስልኬ ጠራ። ዳር ያዝኩ። ዳር ያዝኩ ስልህ፣ የመኪናዋ ግማሽ አስፋልቱ ላይ ነበር። መብራቷን ሳላጠፋ ወርጄ፣ ማሽላው አጠገብ ቆሜ ሳወራ አንድ ባጃጅ ከኋላ መጥቶ ገጫትና ተገለበጠ።

ሹፌሩ ሰዒድ ነበር፤ የሰፈሬ ልጅ፣ አብረን ቁርአን የቀራን። እናቱን እማ ሐዋን ጭኖ ነበር። ሰዒድ ራሱን ስቷል። እማ ሐዋ አስፋልቱ ላይ ወድቀው «ቢሻን! ቢሻን!» እያሉ ውሃ ይለምናሉ። ውሃ መኪናዬ ውስጥ ነበረኝ።

እኔ ምን አደረግሁ? ላጥኩት። ከመኪናዋ ኋላ ቁጭ ብዬ፣ ሳይሰበር የቀረውን የቀኙን መብራት ላጥኩት። ጠርዙን በጥፍሬ ፈልጌ አነሳሁት፤ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ባንዴ መጣልኝ። መብራቱ ቦግ አለ፤ እጄም በብርሃኑ ቀላ። የግራውን መብራት ስብርባሪ በጫማዬ እየጠረግሁ ማሽላው ውስጥ ከተትኩት። ልጣጩን ኪሴ አደረግሁ። ከዚያ በኋላ ነው ውሃውን ይዤ ወደ እማ ሐዋ የሄድኩት። ከዚያ በኋላ! ሰው ወድቆ እየጮኸ እጄ መጀመሪያ የሮጠው ወደ ቀለሙ ነው። ይህን እጅ ምን ላድርገው?

ትራፊክ ፖሊሱ መጣ። «መብራትህ በርቶ ነበር?» አለኝ። «ይኸው ጌታዬ፣ አሁንም በርቷል» አልኩት። ቃሉ ውሸት ነው? አይደለም። የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው። አንድ የውሸት ቃል ከአፌ ሳይወጣ የሰው ኑሮ አፈረስኩ።

ሰዒድ ሲነቃ «ወላሂ መብራት አላየሁም» አለ። የተሰበሰበው ሰው ግን መብራቱን በዓይኑ አይቶታል፣ ማን ይመነው? «ደክሞህ አሸልበህ ነው» አሉት። መጀመሪያ ተከራከረ። በመጨረሻ እሱም አመነ። እናቱ ዳሌያቸው ተሰብሮ አልጋ ላይ ቀሩ፤ እሱም «እናቴን አልጋ ላይ ያዋልኳት እኔ ነኝ» ማለት ጀመረ።

ይባስ ብሎ ሽማግሌ ይዞ ቤቴ መጣ። አንገቱን ደፍቶ «መኪናህን ሰብሬብሃለሁ፣ አስደንግጬሃለሁ፤ ለአላህ ብለህ አፉ በለኝ» አለኝ። ሽማግሌዎቹ አዩኝ። ፋጡማም በሩ ጋ ቆማ አየችኝ። ያኔ መናገር እችል ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው ግን «አፉ ብዬሃለሁ» የሚል ነው። ዱዓ ተደረገ፤ ከሁሉም ጮክ ብዬ «አሚን» አልኩ። የበደልኩትን ሰው እኔው ይቅር አልኩት! ከዚህ የከፋ ድፍረት አለ? ሽማግሌዎቹ ሲወጡ «አላህ ይስጥህ፣ ሆደ ሰፊ ነህ» ብለው መረቁኝ።

ሰዒድ ባጃጁን ተወው። ደሴ ሄዶ ዓይኑን ታየ። ሐኪሙ «ዓይንህ ደህና ነው» ቢለው አላመነውም፤ እኔን አምኗል። አሁን ገበያ ውስጥ ጭነት ያወርዳል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔው እያደር ጠቆረ።

በዒድ ቀን እማ ሐዋን ልዘይር ሄድኩ። እጄን ያዙኝ። «ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ያን ለት እኔ ውሃ ውሃ ስል፣ አንተ ከመኪናህ ኋላ ቁጭ ብለህ ምን ትፈልግ ነበር?»

«መብራቱን... መብራቱን እያየሁ ነበር፣ እማ።»

«በርቶ ነበር?»

«በርቶ ነበር።»

እጄን ለቀቁት። ከዚያ ወዲህ ስሄድ ይመርቁኛል፣ ጤንነቴን ይጠይቁኛል፤ እጄን ግን ይዘውት አያውቁም።

ልጣጩን ቦርከና ወንዝ ውስጥ ጣልኩት። መኪናዋንም ሸጥኳት። ደንግጬ ነው እንዳልልህ፣ የደነገጠ ሰው ጠርዝ ፈልጎ አይልጥም። ወጣት ነበርኩ እንዳልልህ፣ ሰዒድም ወጣት ነበር። እስር ፈራሁ፣ የሰው አፍ ፈራሁ፤ ከሁሉም በላይ በፋጡማ ፊት ማፈሩን ፈራሁ። ምክንያቴ ይኸው ነው፤ ምክንያትም አይባል።

ከጁምዓ ሶላት ስንወጣ ሰዒድና እኔ አብረን ነው ወደ ሰፈር የምንመለሰው። አስፋልቱ ዳር ሲደርስ ይቆምና እጅጌዬን ይይዛል። በገዛ ዓይኑ አይተማመንም፤ በእኔ ዓይን ነው የሚሻገረው። በየጁምዓው ዛሬስ እነግረዋለሁ ብዬ ከቤቴ እወጣለሁ፤ ሳልነግረው እመለሳለሁ። ስለዚህ ላንተም ቃል አልገባልህም፣ አፉ በለኝም አልልህም። እሱን ማለት የሚችሉት ሰዒድና እናቱ ናቸው፤ ሰዒድ ደግሞ ምን እንዳደረግሁት አያውቅም።

ባለፈው ጁምዓም እጅጌዬን ያዘ። «መኪና አለ?» አለኝ። ግራና ቀኝ አየሁለት። «የለም» አልኩት፤ ተሻገርን።