የዘንዶው ቅርፊት

አሮጌ የጃፓን ሳንቲም የመሰብሰብ አባዜ አለብኝ። ዓመቱን ማንበብ ችያለሁ፤ በንጉሣቸው ዘመን ነው የሚቆጥሩት። አንዷ የመዳብ ሳንቲም ግን ከአዳማ እስከ ዝዋይ አናቴን ስታዞረው ሄደች። በንጉሡ አሥረኛ ዓመት የወጣችው ሁለት ዓይነት ሆና ነው፤ ላይዋ የተቀረጸው ዘንዶ ቅርፊቱ ወይ አራት ማዕዘን ነው፣ ወይ ሹል። ይህን ያልለየ ደግሞ ሰብሳቢ አይባልም። የእኔዋ ምስሏ ስለተፋቀ በአጉሊ መነጽርም አልለይ አለችኝ።

ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚበልቱትን ኦቦ ገመቹን ጠጋ ብዬ፣ እያፈርኩ፣ "አባቴ፣ እስኪ ይህን ቅርፊት ይዩልኝ" አልኳቸው። ዓሣ ገዢው ሁሉ ሳቀብኝ። እሳቸው ግን እጃቸውን ጠራርገው፣ ዓይናቸውን ከሐይቁ ሳይነቅሉ በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት።

"ሹል ነው።"

አላመንኩም። ዓይነታቸውን የማውቃቸውን ሌሎች ሁለት ሳንቲሞች ሰጠኋቸው።

"ይሄ አራት ማዕዘን ነው። ይሄም።"

ልክ ናቸው! ግን አላረፍኩም፤ የመጀመሪያዋን እንደ አዲስ መልሼ አቀበልኳቸው።

አንዴ ዳሰስ አድርገው ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

"ልጄ፣ ይህን ዓሣ ቅድም አይቼልሃለሁ።"