የቄሰ ገበዙ ጓጉንቸር

ሥራ የጀመርሁ ዕለት አያ ጓዴ መጀመሪያ ያዩት እጄን ሳይሆን ጆሮዬን ነበር። ቅዳሜ ገበያ ጫፍ ላይ ባለችው የቆርቆሮ ሱቃቸው በር ላይ አቁመው፣ ቀኙን በመዳፋቸው ደፍነው በግራው፣ ግራውን ደፍነው በቀኙ አንሾካሾኩብኝ። «ሸጋ ነው፤ ሁለቱም ይሠራሉ» አሉና ሞረድ አስጨበጡኝ። ቀኑን ሙሉ የነሐስ ቁልፍ ጥርስ ስሞርድ ዋልሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ጣቶቼ እንጀራ መቁረስ አቅቷቸው ነበር።

በሙያችን ሦስት ማዕረግ አለ። አቀባይ ሞርሳውን ያጠብቃል፣ ካቻቢቴና ፒንሳ ያቀብላል፣ ግራሶ ይቀባል። ሞራጅ ቁልፍ ይቀርጻል፣ ቀዳዳ ውስጥ የተሰበረ ያወጣል፣ ቁልፉ የጠፋበትን በር ይከፍታል። ጠያቂ ደግሞ ጓጉንቸሩን ማን እንደከፈተው ይጠይቃል። አቀባይና ሞራጅ በየከተማው ሞልቷል። በጎንደር ጠያቂነት የምናውቅ ሁለት ብቻ ነበርን፤ አያ ጓዴና እኔ። አያ ጓዴም ከጆሯቸው ብዙ አጥተው ስለነበር እኔ ማዕረጉን እንዳገኘሁ እሳቸው ሱቁን ለኔ ትተው አቆሙ።

አጠያየቁ ከባድ አይደለም። ጓጉንቸሩን በግራ መዳፍ ይዞ በሰውነት ሙቀት ማሞቅ፣ በቁልፉ ቀዳዳ ሦስት ጊዜ መተንፈስ፣ ከዚያ ከጆሮ ጀርባ ካለው አጥንት ጋር ማስጠጋት ነው። ጓጉንቸሩ በተከፈተ ጊዜ በአካባቢው የነበረው ድምፅ ይመጣል፤ እግር፣ ሳል፣ አንዳንዴም ንግግር። ጓጉንቸር ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ ኋላ ሦስት መከፈት ያስታውሳል። ከሦስት ያለፈውን ረስቶታል።

ዋጋው የሚከፈለው ከጠያቂው ጆሮ ነው። በጠየቅን ቁጥር አንድ ድምፅ ከእኛ ይሄዳል፤ ተመልሶም አይመጣም። የትኛው እንደሚሄድ አንመርጥም፤ መሄዱንም ወዲያው አናውቅም። እኔ መጀመሪያ ያጣሁት የአህያ ጩኸት ነው፤ ጎረቤታችን አህያ ስለነበረው ደስ አለኝ። ቀጥሎ የወጥ መንተክተክ ሄደ፤ ባሌ ሁለት ወር ሙሉ ያረረ ወጥ በላ። ሦስተኛው የባጃጅ ጥሩምባ ነው። ፒያሳ መንገድ ሳቋርጥ አንዱ ባጃጅ ጉልበቴ ሥር ደርሶ ቆመና ሾፌሩ ወርዶ «ደንቆሮ ነሽ?» አለኝ። «ላንተ ብቻ» አልሁት። እንዲህ እየቀለድሁ ነው ብዙ ዓመት የሠራሁት። ሥራዬን እወደው ነበር፤ አሁንም እወደዋለሁ።

አንድ ቀን በጥቅምት ወር ጠዋት አቶ ሙላት ሱቄ መጡ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ወደ ትክል ድንጋይ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው ደብራችን የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር ነበሩ። የደብሩን ስም አልጽፍም። ወንበር ብሰጣቸውም አልተቀመጡም።

«ነገሩ እንዳይወራ» አሉኝ። «የጻድቁ ገድል ጠፍቷል። ማኅደሩ ባዶውን ተሰቅሎ አገኘነው። በዓሉ ሊደርስ አምስት ቀን ቀርቶታል።»

ማኅደር የብራና መጽሐፍ የሚቀመጥበት የቆዳ ከረጢት ነው፤ በጠፍሩ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ገድሉ በዓመት አንድ ቀን፣ በበዓሉ ዕለት ነው የሚነበበው። ከሌሎቹ ጥንታውያን ብራናዎች ጋር ዕቃ ቤቱ ውስጥ ለብቻው በሚቆለፍ ክፍል ይቀመጣል።

«የክፍሉ ቁልፍ ማን ዘንድ ነው?» አልሁ።

«አንድ ቁልፍ ነው ያለው። በቄሰ ገበዙ አንገት ላይ ነው። እሳቸው ደግሞ ከፋሲካ ወዲህ አልከፈትሁም ይላሉ።»

ቄሰ ገበዝ የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት ኃላፊ ነው። የኛው አባ ፈንቴ ናቸው፤ የንስሐ አባቴም ናቸው። ልጆቼን ያጠመቁልኝ፣ እናቴን የቀበሩልኝ እሳቸው ናቸው። የጠያቂነቱን ነገር ስነግራቸው «ከገዛ ጆሮሽ ነው የምትከፍይ፤ በሐሰት እንዳትመሰክሪበት ብቻ» ብለውኝ ነበር። ክረምቱን ታይፎይድ ይዟቸው ተኝተው ከርመዋል፤ መቅደስ ከተመለሱም ወር አልሞላቸውም።

አቶ ሙላትን የክፍሉ ጓጉንቸር በቅርቡ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ጠየቅኋቸው። ባዶውን ያየን ቀን አንድ ጊዜ አሉኝ። «ፈታችሁ ስታመጡልኝ ሁለት ይሆናል። ሦስተኛው ጓጉንቸሩ የሚያስታውሰው የመጨረሻው ነው። ከዚያ በፊት ማንም እንዳይነካው» አልኋቸው።

ሴት ስለሆንሁ ዕቃ ቤት አልገባም። ግቢው ውስጥ ካለው ጽድ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ጓጉንቸሩን አመጡልኝ። የጉባኤው አባላት ስድስት ሆነው ዙሪያዬን ቆሙ። አሞቅሁት፣ ተነፈስሁበት፣ አስጠጋሁት። መጀመሪያ የአቶ ሙላት ትንፋሽ መጣ፤ ፈትተው ሲያወጡት ነው። ቀጥሎ ጫጫታና «ኧረ ጉድ!» የሚል ድምፅ መጣ፤ ባዶውን ያዩ ዕለት ነው። ሦስተኛው ሲመጣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ሰማሁ። በሩ ሲጢጥ አለ። ከውስጥ ጠብ፣ ጠብ የሚል ነገር አለ። ከዚያ ሳል፣ ከሳሉ በኋላ ዳዊት የሚደግም ሰው። ያን ድምፅ ከሺህ ሰው ድምፅ እለየዋለሁ።

እዚያው ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን በሥራዬ እኮራለሁ፤ አፌም ፈጣን ነው። «በክረምት ተከፍቷል። ዝናብ እየዘነበ፣ ብቻቸውን ገብተዋል። አባ ፈንቴ ናቸው» አልሁ።

አስጠሯቸው። ከስተው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው መጡ። አቶ ሙላት የተናገርሁትን ነገሯቸውና መልስ እንዲሰጡ ጠየቋቸው። አባ ወደ እኔ ዞሩ። ከንፈራቸው በጢማቸው ውስጥ ረጅም ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ምንም አልሰማሁም። በልባቸው የሚጸልዩ መሰለኝ፤ መልስ ያጡ መሰለኝ። 

«አባ፣ ምነው ዝም አሉ? ይናገሩ እንጂ!» ብዬ ጮህሁባቸው።

ስድስቱም ሰዎች ደንግጠው አዩኝ። ካህን ላይ በመጮሄ የተቆጡ መሰለኝና ይበልጥ ገነፈልሁ። አባ ከንፈራቸውን ከደኑ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው የቁልፉን ክር በገዛ እጃቸው አወለቁና ለአቶ ሙላት ሰጡ። አቶ ሙላትም ገድሉ እስኪገኝ ከገበዝነታቸው መታገዳቸውን፣ ከበዓሉ በፊት ካልተገኘም ነገሩ ወደ ሀገረ ስብከት እንደሚሄድ ነገሯቸው። አንድ አዛውንት ቄስ በሕይወት ዘመኑ ያፈራውን ስም በሙሉ በዚያች ደቂቃ አጣ፤ ያሳጣሁትም እኔ ነኝ። በእግሬ ወደ ቤቴ ሄድሁ፤ መንገዱን ሙሉ ያዘንሁት ለእሳቸው ሳይሆን ለራሴ ነበር። የተካድሁ ነው የመሰለኝ።

በማግሥቱ የአባ ፈንቴ ባለቤት እማማ የሺ ሱቄ መጡ። አያ ጓዴም እንደ ልማዳቸው በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

«ምነው ልጄ? ምን በደሉሽ?» አሉኝ እማማ የሺ ሰላምታም ሳይሰጡኝ።

«ጓጉንቸሩ የነገረኝን ነው የተናገርሁ እማማ። እሳቸውም ቢሆኑ አንድ ቃል አልመለሱ።»

«አልመለሱም? ያን ሁሉ ሲናገሩ? በስምሽ እየጠሩ የለመኑ ማንን ነው? አንች ግን ምነው ዝም አሉ ብለሽ ተሳለቅሽባቸው። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም።»

ምን እንደሚሉኝ ግራ ገባኝ። አያ ጓዴ ከኔ ቀድሞ ገባቸው። ከበሩ ላይ ተነሥተው መጡና እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ።

«የሄደብሽ የሳቸው ድምፅ ነው» አሉኝ።

ለመጨረሻ ጊዜ የሰማኋቸው ጓጉንቸሩ ውስጥ ነበር። ድምፃቸውን ከፍዬ ድምፃቸውን ገዝቼ፣ በዚያው መሰከርሁባቸው። ሞርሳው ላይ ተደፍቼ አለቀስሁ። እማማ የሺ ሊቆጡኝ መጥተው ያባብሉኝ ጀመር።

ሲወጣልኝ «እማማ፣ ምን ነበር ያሉ? ሳያጎድሉ ይንገሩኝ» አልኋቸው።

«አሁን ስትይ ትዝ አለኝ፣ ጣራው ሲያፈስ ለማየት ገብቼ ነበር አሉ። በዚያው ታይፎይዱ ጣላቸው፤ ገብተው ምን እንዳደረጉ አያውቁትም። ሰዉ ደግሞ ትናንት አልከፈትሁም ብለው ዛሬ ከፈትሁ ሲሉ እንዴት ይመን?»

ያኔ ነው ጠብ ጠብ የሚለውን መልሼ ያሰብሁት። መሬት ላይ የሚወርድ ውኃ አልነበረም፤ ታፍኖ ነው የሚሰማው። ቆዳ ላይ ነበር የሚወርደው። ገድሉ ማኅደሩ ውስጥ እንዳለ ውኃ እየወረደበት ነበር ማለት ነው። አባ ፈንቴን የሚያውቅ ሰው፣ የሚርስ ብራና አይተው ትተውት እንደማይወጡ ያውቃል።

«ብራና ወደ ቤት ይዘው መጥተው ያውቃሉ?»

«ወየው! ከቅጽሩም አያወጡ!»

ሱቁን ለአያ ጓዴ ትቼ ከእማማ የሺ ጋር በባጃጅ ወደ ደብሩ ሄድን። አቶ ሙላትን አስጠራሁና ባዶውን ማኅደር እንዲያመጡልኝ ለመንኋቸው። ከታች ደርቆ ተኮማትሯል፤ የውኃ መስመርም አለበት።

«ሌሎቹን ማኅደሮች ፈታችሁ አይታችኋል?» አልሁ።

«ሁሉንም አይተናል።»

«ሁሉንም?»

«ግብረ ሕማማቱ ሲቀር። እሱ ከሰሙነ ሕማማት በቀር አይፈታም። በእጃችን ነካነው፤ ሙሉ ነው። ቋጠሮውም እንዳለ ነው።»

ግብረ ሕማማት ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት ብቻ የሚነበብ ወፍራም መጽሐፍ ነው። በደብራችን ሳምንቱ ሳይደርስ የማኅደሩን ጠፍር የሚፈታ የለም። አይፈታ ብሎ የጻፈ ሰው አላውቅም፤ ግን ማንም አይፈታውም፤ ማንም እንዳልፈታውም ማንም አይጠራጠርም። ከማኅደሮቹ ሁሉ ትልቁና ወፍራሙም እሱ ነው።

«ቋጠሮውን የሚቋጥሩት ማን ናቸው?»

«ቄሰ ገበዙ» አሉ። ቀና ብለው አዩኝ። «በጥቅምት ይፈታ እያልሽኝ ነው?»

«ትናንት ካህን ላይ ጮኼ ዝም አላችሁኝ። ዛሬ ስለምን ሳትሰሙኝ ትቀራላችሁ?»

«እንግዲህ ኃጢአቱ በኔ ይሁን» ብለው ከአንድ ዲያቆን ጋር ገቡ። እኔና እማማ የሺ ከደጅ ቆመን ጠበቅን። ጊዜው ረዘመብኝ። ከዚያ ዲያቆኑ «አለ! አለ!» እያለ ሲጮህ ሰማሁ፤ እሱንስ ደኅና አድርጌ ሰማሁት።

ገድሉ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከግብረ ሕማማቱ ጎን ተሸጉጦ ነበር። አንድ ቅጠል እንኳ አልራሰም። እማማ የሺ ጨርቁን እንዳዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ጥምጥማቸው! ክረምቱን ሙሉ ስፈልገው የከረምሁት!» አሉና ሳቅና እልልታ ቀላቀሉት።

አባ ፈንቴን ከቤታቸው ጠርተን አመጣናቸው። አቶ ሙላት ጉልበታቸውን ስመው ክሩን በገዛ እጃቸው አንገታቸው ላይ መለሱላቸው። ትናንት የነበሩት አባላት ሁሉ ነበሩ፤ እኔ እንዲኖሩ ለምኜ ነው። እግራቸው ላይ ወድቄ በጆሮዬ የሆነውን ሁሉ በሰው ፊት ተናገርሁ። አነሡኝና ረጅም ንግግር አደረጉልኝ። ከንፈራቸውን አየሁ፤ ሌላ ምንም የለም።

«ምን ይላሉ?» አልኋቸው እማማ የሺን።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ ነው የሚሉ። ደግሞ ድንጋዩ ብርድ ነው፤ ከዚያ ላይ አትንበርከኪ ይላሉ። ደግሞ ጥምጥሜን አምጭልኝ ይላሉ፤ ይኸ እንኳ ለኔ ነው።»

በዓሉ ደርሶ ገድሉ ተነበበ። ያነበቡት አባ ፈንቴ ስለነበሩ እኔ የሰማሁት የለም፤ የሕዝቡን ፊት እያየሁ ነው ያከበርሁት። ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬም የንስሐ አባቴ ናቸው። ስናዘዝ ይሰሙኛል፤ ስግደቱን በጣታቸው እየቆጠሩ ያዙኛል። ምክሩን ደግሞ በዚያ ውብ የቁም ጽሕፈታቸው በወረቀት ይሰጡኛል። ጣት መቁጠር ከጀመሩ ወዲህ ስግደቱ የበዛብኝ ይመስለኛል፤ ስላቸው ይስቃሉ።

ቅዳሴ ላይ የዲያቆኑን አዋጅ እሰማለሁ፤ የሕዝቡን ተሰጥኦ እሰማለሁ። የሳቸው ተራ ሲደርስ ጸጥ ይላል። መጀመሪያ ጊዜ እዚያ ቦታ ላይ አለቅስ ነበር። አሁን ጸጥታው ሲመጣ አባ ናቸው እላለሁ፤ ደኅና መሆናቸውን በዚያ አውቄ ደስ ይለኛል።

ጓጉንቸር አሁንም እጠይቃለሁ፤ ሌላ መላ ሲጠፋ ብቻ። አዲስ ለምትገቡ ጠያቂዎች ከሥራዬ ዘመን የማስተላልፈው አንድ ነገር ነው። ከጠየቃችሁ በኋላ ምን ድምፅ እንደሄደባችሁ ሳታውቁ በሰው ላይ አትመስክሩ። የመሰከራችሁበት ሰው ፊታችሁ ቆሞ ዝም ያለ ከመሰላችሁም፣ አጠገባችሁ ያለውን ሰው እየተናገረ እንደሆነ ጠይቁ።