የወይዘሮ ማራኪ አፈር

ወይዘሮ ማራኪ ግቢያቸውን በቀን ሁለት ጊዜ ይጠርጉ ነበር፤ ጠዋት ውኃ ረጭተው፣ ማታ ሳይረጩ። ቤታቸው ሴቻ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ መሬቱ ወደ ሐይቁ ማዘቅዘቅ በሚጀምርበት ዳር ላይ ነው። ከባለቤታቸው ከመምህር ዘሚካኤል ጋር ከጎጃም መጥተው ሲሰፍሩ ግቢው ሰርዶ የለበሰ ነበር። ሰርዶውን በሦስት ወር ውስጥ ከነሥሩ አጠፉት። “ሣር እባብ ይጠራል” ይሉ ነበር። እባብ አንድም ቀን አይተው አያውቁም፤ ይህንንም በመጥረጋቸው የመጣ አድርገው ይቆጥሩት ነበር።

ሲጠርጉ ግራ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ ከደጃፉ ጀምረው ወደ ታችኛው አጥር ይወርዳሉ። የመጥረጊያው ጭረት እንደ ማበጠሪያ ጥርስ እኩል ካልሆነ ተመልሰው ይደግሙታል። የተከማቸውን ቅጠልና አፈር በአጥሩ ሥር ወደ ውጭ ይገፉታል። ከአጥሩ ወዲያ ያለው የእሳቸው ጉዳይ አይደለም።

ከአጥሩ ወዲያ ኦይታ አለ። ከጨንቻ ደጋ የወረደ ሸማኔ ነው። ግቢው ቁልቁለት ስለሆነ፣ አባቱ ሲያደርጉ እንዳየው፣ ድንጋይ ክቦ፣ በካቡ ጫፍ ጫፍ ደሾ የሚባለውን ሣር በረድፍ ተክሎ፣ እንሰትና ሙዝ ያለማል፤ አንዲት ላምም አለችው። ወይዘሮ ማራኪ ይህንን ግቢ “ጫካው” ይሉታል። ለእንግዳ ሲያሳዩም፣ “የሰው ቤት ይመስላል? ሰው ቢጠፋ እዚያ ነው የሚፈለገው” ይላሉ።

ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ የወይዘሮ ማራኪ ደጃፍ ከፍ እያለ መጣ። መጀመሪያ አንድ ደረጃ ብቻ ነበረው። በ1995 ሁለት አስጨመሩ፤ በ2001 ደግሞ አራተኛውን። መሬቱ ዝቅ ማለቱን ትተው፣ ቤቱ ያደገላቸው ይመስል ይኩራሩበት ነበር። “ደረጃ ያለው ቤት ግርማ አለው” ይላሉ። በግቢው ያለው የማንጎ ዛፍ ሥር ከመሬት ወጥቶ እንደ አሮጌ ሰው ጅማት ሲገተር ደግሞ፣ ሥሩንም ይጠርጉት ጀመር።

መምህር ዘሚካኤል ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረዋል። የአፈር መሸርሸርን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀይና በነጭ ጠመኔ እየሳሉ ስንቱን ተማሪ ፈትነዋል። ቤታቸው ሲገቡ ግን ጫማቸውን አራግፈው ዝም ነው።

በ2003 የሚያዝያ ዝናብ የቤቱ ምሥራቃዊ ማዕዘን መሠረት ተራቆተ። ከድንጋዩ ሥር እጅ ያስገባል። ግድግዳውም ከመስኮቱ እስከ ታች ተሰነጠቀ። የመምህር ዘሚካኤል አልጋ ያለው በዚያ ጥግ ስለሆነ፣ ያን ቀን ተናገሩ።

“ማራኪ፣ ቤቱ ሊሄድብን ነው።”

“የት ይሄዳል?”

“አፈሩ የሄደበት።”

ወይዘሮ ማራኪ ይህንን ሲሰሙ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ታች ተመለከቱ። ከኦይታ ካብ ጀርባ ክንድ የሚያህል አፈር ተጠራቅሟል፤ እንሰቱም ከጣራው በልጧል። በማግስቱ የእድሩን ዳኛ አቶ ካሱን አስከትለው ኦይታ በር ላይ ቆሙ።

“አፈሬን ይመልስልኝ” አሉ።

አቶ ካሱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። “ሰረቀኝ ነው የሚሉት፣ እትዬ?”

“አልሰረቀም፤ አስቀረ። እንዲያልፍ ቢተወው ሐይቁ ይወስደው ነበር፣ እኔም አልጠይቅም ነበር።”

የኦይታ ሚስት ማሚቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ውስጥ ገባች። ኦይታ ግን አልሳቀም።

“የእርስዎ ነው እትዬ፣ ተሸክሜ አመጣልዎታለሁ። ደሾም እጨምርልዎታለሁ፤ ያለ እሱ አፈሩ አይቆምም።”

“ሣሩን ለላምህ። እኔ የመጣሁት ለአፈሬ ነው።”

ኦይታ ሦስት ቀን ሙሉ በጆንያ አፈር ሲያመላልስ ዋለ። ማዕዘኑ ተደለደለ። ወይዘሮ ማራኪ በእግራቸው ረገጡት፣ ውኃ ረጩበት፣ ከዚያም ልስልስ ማለቱን አይተው ጠረጉት። በሁለተኛው ሳምንት በጣለው ዝናብ አፈሩ ተነሥቶ ወደ ኦይታ ካብ ተመለሰ፤ መንገዱን ያውቀዋል። የማዕዘኑ ድንጋይም ተከትሎት ወረደ፣ ግድግዳው ጎበጠ። መምህር ዘሚካኤል አልጋቸውን ወደ ሳሎን አዛወሩ።

ድንጋዩ ሲወርድ ሰምቶ ኦይታ ሲደርስ ወይዘሮ ማራኪ ከግድግዳው የረገፈውን ጭቃ እየጠረጉ ነበር።

“ይቀመጡ እትዬ” አላቸው። ተቀመጡ።

ግድግዳውን በባላ ደገፈ፣ መሠረቱን መልሶ ካበ። ከዚያ በግቢው አግድም ሁለት ካብ ሠርቶ፣ ከገዛ ግቢው የነቀለውን ደሾ ተከለበት። ወይዘሮ ማራኪ ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ “ረድፉን አስተካክለው እንጂ፤ የገበሬ ማሳ አታስመስለው” ይሉት ነበር።

የጥቅምቱ ዝናብ መጥቶ አለፈ፤ ግድግዳው ቆመ። ሊጠይቁ የመጡ ሰዎች ሣሩን ሲያደንቁ፣ ወይዘሮ ማራኪ “የዘሚካኤል ጥናት ነው” አሉ። መምህር ዘሚካኤልም አላስተባበሉም።

ይህ ወሬ ወደ ታች ለመውረድ አንድ ቀን አልፈጀበትም። ማሚቱ የእንሰቷን ሥር እየኮተኮተች ለኦይታ ነገረችው።

“ዘንድሮ ከላይ አንዲት እፍኝ አፈር አልመጣልንም። በገዛ እጅህ አስቀረኸው። ለመሆኑ አመስግነውሃል?”

“ረድፉ ተጣሟል ብለውኛል።”

“ታዲያ ምን አገኝ ብለህ ለፋህ?”

ኦይታ ቀና ብሎ፣ ከእንሰታቸው በላይ ቀጥ ብሎ የቆመውን የቤት ማዕዘን አየ።

“አፈራቸው እዚያው ላይ ባይቀር፣ ቀጥለው የሚመጡብን እሳቸው ራሳቸው ነበሩ” አለ።