«አብሽሪ» ያለችኝ ልጅ

ይህን ለባሌም፣ ለልጄም፣ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አንባቢዬ፣ ስለማያውቁኝ ይሆናል ለእርስዎ መንገር የቀለለኝ።

ኮምቦልቻ ሦስተኛ ክፍል ሳስተምር ዘሀራ የምትባል ተማሪ ነበረችኝ። እናቷን ቢስቲማ ትታ ከአክስቷ ዘንድ ለትምህርት የመጣች ልጅ ናት። ጥያቄዬን ሳልጨርስ «ቲቸር እኔ! ቲቸር እኔ!» እያለች ጣቷን ታጮሃለች። እሷ ስትነሳ ክፍሉ ሁሉ ይነሳ ነበር።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከወለድኩ በኋላ ነው። ቃል ሲዛነፍ የማልወደውም ለዚህ ይመስለኛል። አንድ ጠዋት የመምህራን ማረፊያ ውስጥ አንድ ወጣት ባልደረባዬ ወደ እኔ እያመለከተ፣ «እሷ እኮ የስምንተኛን ፈተና ከልጇ ጋር ነው የተፈተነችው፤ ማን ከማን እንደኮረጀ እንጃ!» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩና ፊቴን አጥቁሬ ክፍል ገባሁ።

ልጆቹ ወዲያው አወቁብኝ። ልጅ ከመጽሐፉ በፊት የመምህሩን ፊት ነው የሚያነበው፤ ያኔ ይህን አላውቅም ነበር። ዘሀራ ከወንበሯ ተነስታ መጣች፤ እጄን ነካ አድርጋ፣ «አብሽሪ፣ ቲቸር» አለችኝ።

አይዞሽ ማለቷ ነው፤ ወሎ ውስጥ ይህን የማይል የለም። ከኋላ ግን አንድ ሁለቱ ሳቁ። ያ ሳቅ ከመምህራኑ ሳቅ ጋር ተደባለቀብኝ።

«እኩያሽ ነኝ? ለትልቅ ሰው አብሽሩ ነው የሚባለው! ወደ ሰሌዳው ዞረሽ ቁሚ፤ ደጋግመሽ በዪው!»

አለችው፣ ድምጿ እስኪሰልል። እኔ ነኝ ያስቆምኳት። ማልቀሷን ከትከሻዋ አይቻለሁ፤ አይቼም ማስተማሬን ቀጠልኩ። ምን ነበር ያስተማርኩት? አላስታውስም።

ከዚያ ወዲያ ዘሀራ እጇን አላወጣችም። ሌሎቹም እየቆዩ እጃቸውን ሰበሰቡ። ስጠይቅ ፊቴን አይተው ዝም ይላሉ። ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ቆሞ «ክፍል ማለት እንዲህ ነው!» ሲለኝ ደስ አለኝ። ፍርሃታቸውን ሥርዓት ብዬ ኮራሁበት! ዓመቱ ሲያልቅ ልጅቷ ወደ ቢስቲማ ተመለሰች። እስከዚያ ድረስ ይቅርታ ልጠይቃት አልችልም ነበር?

ጥፋቴ በቅጡ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ታምሜ ተኝቼ ልጄ «አብሽሪ፣ እማዬ» ሲለኝ። ልጅ ከትልቅ ሰው መሃል አንቺ የሚለው እናቱን ነው። ዘሀራ አንቺ የምትለው ሰው በአጠገቧ አልነበራትም። ቃሉን ለእኔ ሰጠችኝ፤ እኔ ሰዋስው አረምኩላት።

ዛሬ የማስተምረው ደሴ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ደስተኛ ነኝ። የከፋኝ ቀን በር ላይ ሆኜ፣ «ዛሬ ከፍቶኛል፤ በእናንተ ግን አይደለም» እላቸዋለሁ። «አብሽሪ፣ ቲቸር!» ይላሉ በአንድ ድምፅ። ከዚያ እጅ በእጅ ላይ ነው፤ ጫጫታችን ጎረቤት ክፍል ይረብሻል። እኔ እወደዋለሁ።

በቅርቡ እዚሁ ደሴ፣ ፒያሳ ባጃጅ ስጠብቅ ልጅ ያዘለች ሴት ሰላም አለችኝ። ዘሀራ! «ያኔ…» ብዬ ጀመርኩ፤ እንባ ቀደመኝ፤ መጨረስ አቃተኝ። እንደ ልጅነቷ እጄን ነካ አደረገችኝ። አንዲት ቃል ጠበቅኩ፤ የድሮዋን፣ የተዛነፈችውን።

«አብሽሩ፣ ቲቸር» አለችኝ።

አልተሳሳተችም። ይቅር ይበሉኝ አልልዎትም፤ ያንን ያስተማርኳት እኔ ነኝ።